የቀሩትን ተማሪዎች ስፈልግ

በመጋቢት 2012 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ጎንደር በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ስታቲስቲክስ አስተምር ነበር። ትምህርቱ በኢንተርኔት ይቀጥል ሲባል የክፍሉን ልማድ እንዳለ ወደ ስልክ አዛወርኩት፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በቀጥታ ቪዲዮ አስተምራለሁ፣ የመጣ ይማራል፣ የቀረ ይቀራል። ከ42 ተማሪዎች 20 ያህሉ ብቻ ሲገኙ የቀሩትን እንደ ሰነፍ መቁጠሬ ዛሬም ይጸጽተኛል።

ሁለት ሳምንት ቆይቼ አንድ በአንድ ስደውልላቸው ያልጠበቅሁትን ሰማሁ። አይከል ያለው ተማሪ ኔትወርክ የሚያገኘው ከቤቱ ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ሲወጣ ነው። ማክሰኝት ያለችው ደግሞ፣ «መምህር፣ በ2 ሰዓት እኮ እራት የማቀርበው እኔ ነኝ፤ ስልኩም የወንድሜ ነው» አለችኝ። ሰዓቱን ስመርጥ ያሰብኩት የራሴን ቤት ብቻ ነበር።

ስለዚህ ቪዲዮውን ትቼ በ15 ደቂቃ ድምፅና በሁለት ገጽ ጽሑፍ ተካሁት። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ከ200 ሜጋባይት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ እንዲህ ያለው የድምፅ ቅጂ ግን መጠኑ ሲቀነስ 3 ሜጋባይት እንኳ ስለማይሞላ፣ ጉብታው ላይ አውርዶ ቤት ገብቶ ማዳመጥ ይቻላል። የመጀመሪያውን ቅጂ መልሼ ሳዳምጠው ግን «ይህን ከዚህ ስትቀንሱት» እያልኩ ነው። ጣቴን ለማያይ ሰው «ይህ» ምን ይነግረዋል? እንደገና ስቀዳ፣ «በሦስተኛው ረድፍ ካለው 14 አማካዩን 10 ቀንሱ፤ 4 ይቀራል፤ ከአማካዩ የራቀበት መጠን ይህ ነው» አልኩ። ለሩቆቹ ብዬ ያደረግሁት ማስተካከያ ቪዲዮውን ይከታተሉ የነበሩትንም እንደጠቀመ ከመልመጃቸው አየሁ፤ ለካስ እነርሱም ስሌቱን ይገለብጡ እንጂ ለምን እንደሚቀነስ አልገባቸውም ነበር።

በፈተናው ላይ ያጠፋሁት ከዚህ ይከፋል። በ40 ደቂቃ የሚዘጋ ፈተና ሰጥቼ፣ መብራት የጠፋባት ተማሪ መልሷን ሳትልክ ሰዓቱ አልቆ ዜሮ ተመዘገበባት። ውጤቷን አሰርዤ ደግማ እንድትፈተን ካደረግሁ በኋላ ፈተናውን ለሦስት ቀን ክፍት አደረግሁት። እንዳይገለባበጡ በመታወቂያ ቁጥራቸው የመጨረሻ ሁለት አሃዞች የሚሰላ የተለያየ ጥያቄ አወጣሁ፤ ከዚያም ለእያንዳንዳቸው እየደወልኩ ከመልሳቸው አንዱን በቃል እንዲያስረዱኝ ጠየቅኋቸው። እርማቱ አድካሚ ነው፤ ሆኖም ማን እንደገባው በዚያች የአምስት ደቂቃ ንግግር የማውቀውን ያህል ከወረቀት አውቄ አላውቅም።

ዘመናዊ ስልክ የሌላቸው ሁለት ተማሪዎች ቀርተው ነበር። መንገድ ሲከፈት ጽሑፉን አትሜ በፖስታ አሽጌ፣ ወደ ቆላድባ በሚሄድ ሚኒባስ ረዳት እጅ እልክላቸው ጀመር። ከተመለሱት ፖስታዎች በአንዱ፣ ከጥያቄ 3 አጠገብ በእርሳስ «መምህር፣ አማካዩ የተሳሳተ መሰለኝ» የሚል ተጽፎ አገኘሁ። ደግሜ ደመርኩት፤ ተማሪው ልክ ነበር። ማረሚያውን ለ42ቱም የላክሁት በዚያው ቀን ነው።