ከባሕር ዳር ካርቱም፣ ጎጃምን ዞሮ

ጥር 2010 ላይ እህቴን ልጠይቅ ካርቱም ሄጄ ነበር። ትኬት ከመቁረጤ በፊት ካርታ ላይ ለካሁት። ከባሕር ዳር በአየር ቀጥታ 680 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአውሮፕላን ቢበዛ የአንድ ሰዓት ከሩብ መንገድ። ግን ቀጥታ በረራ የለም። ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ወደ ደቡብ፣ አዲስ አበባ መሄድ አለበት።

ማታ ሐይቁ ዳር ለአንድ ጎረቤታችን ይህንኑ አማረርኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጀልባ ሰው ወደ ገዳማቱ ሲያመላልሱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሳቁብኝ።

«አባይስ መች ቀጥ ብሎ ሄደ ልጄ? እሱም ጎጃምን ዞሮ ነው።»

እውነታቸውን ነው። አባይ ከጣና እንደወጣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው የሚነጉደው። ጎጃምን እንደ መቀነት ከዞረ በኋላ ነው ወደ ሱዳን የሚታጠፈው። ካርቱም እስኪደርስ 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። የእኔን ደመርኩት፤ አዲስ አበባ ድረስ 330፣ ከዚያ ካርቱም 1,000 ገደማ። ወንዙን የቀደምኩት በመቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

ጠዋት ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሳን። አባይ በረሃን በመስኮት አየሁት። በአውቶቡስ ስንቴ ሆዴን ያገላበጠው ገደል ከላይ ሲታይ የደረቀ ጭቃ ላይ ያለ ስንጥቅ ነው የሚመስለው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቦሌ ደረስን።

ቦሌ የተቀመጥኩበት ጊዜ ከሁለቱ በረራዎች ድምር ይበልጣል። ሥራ ስፈታ ትኬቴን ደጋግሜ አየሁ። እንደ ትኬቱ ከሆነ ከተነሳን አንድ ሰዓት ሳይሞላ ካርቱም እንገባለን። 1,000 ኪሎ ሜትር? ኧረ በምን ፍጥነት! ለካ የመድረሻው ሰዓት የተጻፈው በካርቱም ሰዓት ነው። ሱዳን ጥቅምት 2010 ላይ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። ትክክለኛው በረራ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው ነው። እኔ ደግሞ በልቤ የምቆጥረው በእኛ ሰዓት ስለሆነ፣ ሦስት ዓይነት ሰዓት ይዤ ነው የተሳፈርኩት።

ሆን ብዬ በቀኝ በኩል መስኮት ያዝኩ። ከተነሳን ትንሽ ቆይቶ ራቅ ብሎ የሚያብረቀርቅ ውሃ ታየኝ። ጣና! ከጠዋት ጀምሬ ስለፋ ውዬ ገና ሰፈሬን እያለፍኩ ነበር።

ካርቱም ስንወርድ በጥርም ይሞቃል። ከጣና ወለል 1,400 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ከተማ ነው። በማግስቱ እህቴ ሞግረን ወሰደችኝ፤ ጥቁር አባይና ነጭ አባይ የሚገናኙበት ቦታ ነው። የእኛን በጣቷ አሳየችኝ። ቡናም ጠጣን። እነሱም ጀበናውን ጀበና ነው የሚሉት። ለሽማግሌው ደውዬ «ውሃዎን አገኘሁት» አልኳቸው።

ሚያዝያ 2015 ጦርነቱ ሲነሳ የካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ ተዘጋ። እህቴ በመኪና ወጣች። በገዳሪፍ፣ በገላባት፣ በመተማ፣ በጎንደር አድርጋ ባሕር ዳር ገባች። 900 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ከእኔም ከአባይም አጭሩን መንገድ የሄደችው እሷ ናት። ስድስት ቀን ፈጀባት።