«ናኒ» እና «ዳዲ»፦ ከልጆቼ ጋር በዴልሂ

እናቴ ለጉልበቷ ሕክምና ዴልሂ ስትሄድ አስታማሚዋ እኔ ሆንኩ። ልጆቼን የምተውበት ስላልነበረኝ ሁለቱንም ይዤ ሄድኩ። ሴቷ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ወንዱ ገና አራቱ። ከመነሳታችን በፊት የቀለማትና የእንስሳት ስም በሂንዲ ጽፌ ፍሪጅ ላይ ለጥፌላቸው ነበር። ዴልሂ ስንደርስ ግን ልጆቹ ከሁሉ በፊት የቸገራቸው ሰውን ምን ብለው እንደሚጠሩ ነው።

ያረፍንበት ቤት ባለቤት እናቴን እንዳየቻት «ናኒ ጂ» አለቻት። ናኒ የእናት እናት ናት። የአባት እናት ደግሞ ዳዲ ትባላለች። እኛ ሁለቱንም «አያት» ስለምንል ልጄ በጣም ገረማት። «ጂ» ከስም ኋላ የምትገባ የአክብሮት ቃል ናት። ሴትዮዋን «ዲዲ» በሏት አልኳቸው። ታላቅ እህት ማለት ነው፣ የእኛ «እትዬ»። ሹፌሩም አትክልት ሻጩም «ባያ» ነው፣ ታላቅ ወንድም፣ ልክ እንደ «ጋሼ»። በማግስቱ ትንሹ ልጄ በር ላይ አረንጓዴና ቢጫ ባጃጅ ሲያይ ጮኸ፤ ባጃጅ የአዲስ አበባ ብቻ ይመስለው ነበር። ከዚያ ሹፌሩን «ናማስቴ ባያ!» አለው። ሰውየው እጆቹን አጋጥሞ መለሰለት።

የቤቱ ልጆች ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄዱ ጎንበስ ብለው የእናቴን እግር ይነካሉ። ታላቅን ማክበሪያቸው ነው። እናቴ ማንም ሳይተረጉምላት ገባት። እኛ ጉልበት እንስም የለ? «እደጉ፣ ተመንደጉ» ብላ በአማርኛ መረቀቻቸው። ሦስተኛው ቀን ላይ የእኔም ልጆች ተሰልፈው አገኘኋቸው።

ለእኔ የማይረሳኝ ግን ባንግላ ሳሂብ የሄድን ቀን ነው። የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች ቤተ ጸሎት ነው፣ ለመጣ ሰው ሁሉ በነጻ ምግብ ይሰጣል። ላንጋር ይሉታል። ጫማ ይወለቃል፣ ራስ ይሸፈናል። ልጄ ነጠላዋን አጣፋች፣ ወንዱ ጨርቅ ታሰረለት። ቤተ ክርስቲያን እየወሰድኳቸው ስላደጉ ይሄ አዲስ አልሆነባቸውም። መሬት ላይ በረድፍ ተቀመጥን። ሀብታም የለ፣ ድሃ የለ፣ ሁሉም ጎን ለጎን። ዳል የሚባለውን የክክ ወጥ ጨለፉልን። ሮቲ የሚሉትን ቂጣ የሚያድለው ሰው እጅ እስኪዘረጋለት ቆሞ ይጠብቃል። ልጄ ሁለት እጇን አጋጥማ ዘረጋች። እኔ ምንም አላልኳትም። ቤት ውስጥ «በሁለት እጅሽ ተቀበይ» እያለች ያሳደገቻት አያቷ ናት።

ትንሹን ግን አስተናጋጆቹ አለቀቁትም። ባዶ ያዩትን ሳህን ሁሉ ይሞላሉ። እኛ አገር «በሞቴ» ተብሎ ጉርሻ እንደሚደገመው ነው። ጆሮው ላይ «በስ በል» አልኩት። በስ ማለት በቃ ማለት ነው። «በስ፣ ባያ!» አለ። ሰውየው ሳቀና ራሱን ዳበሰው። ከዚያ ወዲህ ቤትም ሲጠግብ «በስ» ነው የሚለው። ቃል በዚህ መንገድ ሲገባ አይወጣም። እኔ ፍሪጅ ላይ የለጠፍኩት ግን አንዱም አልቀረ።

ሜትሮ ውስጥ ልጄ የሂንዲ ጽሑፍ ላይ ፈዛ ቀረች። ፊደሎቹ ከላይ ባለ መስመር የተንጠለጠሉ ናቸው፣ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ። «ከ»ን ይዘህ ትንሽ ምልክት ስትጨምርበት ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ ይሆናል። ይህን ስነግራት «እንደ ሀሁ ነዋ!» አለች። ፊደል ለቆጠረ የእኛ ልጅ ይሄ ትልቅ ስንቅ ነው። ካረፍንበት ቤት እስከ ሐኪም ቤቱ ባለው መንገድ «ከ»ን ስትፈልግ ትሄድ ነበር።

ልንመለስ ሁለት ቀን ሲቀረን ደብረ ብርሃን ላሉት ለባለቤቴ እናት ደወልን። ትንሹ ስልኩን ቀማኝ።

«ዳዲ ጂ፣ ናማስቴ!»

«ማነው ዳዲ?» አሉ እማማ።

«አንቺ ነሻ! የአባቢ እናት!»