ሦስት ጣት በአንጓ ላይ፦ የትርታና የምላስ ምርመራ ልምምዴ እስካሁን

ቲያንጂን ውስጥ የቻይና ባህላዊ ሕክምና የምንማር ተማሪዎች መጽሐፉን ቶሎ እንይዘዋለን፤ ጣታችን ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ስለ ትርታ ያነበብኩትን ለመተረክ አሁን አልቸገርም። ሰው አንጓ ላይ ጣቴን አሳርፌ ያገኘሁትን መናገር ግን ገና ቀስ በቀስ እየመጣልኝ ያለ ነገር ነው። እዚሁ መንገድ ላይ ላላችሁና ለመጀመር ለምታስቡ የረዳኝን ላካፍላችሁ።

ከጣት አቀማመጥ ልጀምር። በአውራ ጣት በኩል፣ ከመዳፍ መታጠፊያው ወደ ክንድ ትንሽ አለፍ ብሎ ጉብ ያለ አጥንት አለ። የመሃል ጣት የሚያርፈው በዚያ አጥንት ትይዩ ደም ቅዳው ላይ ነው፤ ስፍራው ጓን ይባላል። አመልካች ጣት ወደ መዳፉ በኩል ጹን ላይ፣ የቀለበት ጣት ወደ ክርኑ በኩል ቺ ላይ ያርፋሉ። በትምህርቱ መሠረት የግራ እጅ ሦስት ስፍራዎች የልብ፣ የጉበትና የኩላሊት ናቸው፤ የቀኙ ደግሞ የሳንባ፣ የጣፊያና እንደገና የኩላሊት። እያንዳንዱ ስፍራ በሦስት ጥልቀት ይመረመራል፦ ቆዳውን ነካ በማድረግ፣ በመጠኑ በመጫን፣ ከዚያም እስከ አጥንቱ ድረስ በመጫን። ሰውዬው ረጅም ከሆነ ጣቶቹን ራቅ ራቅ ማድረግ፣ አጭር ከሆነ ማጠጋጋት ያስፈልጋል። አንዳንድ ሰው ጋ ደም ቅዳው ከተለመደው ቦታ ወጥቶ በእጅ ጀርባ በኩል ያልፋል። ፋንጓን ማይ ይሉታል (ማይ ማለት ትርታ ነው)፤ አፈጣጠር እንጂ በሽታ አይደለም። ትርታ አጣሁ ብላችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት እዚያ ፈልጉ።

ፍጥነት የሚለካው በመርማሪው ትንፋሽ ነው። በአንድ ትንፋሽ፣ ማለትም ወደ ውስጥና ወደ ውጭ አንዴ ስንተነፍስ፣ ከ4 እስከ 5 ምት ጤናማ ነው፤ ከዚያ ካነሰ ዝግተኛ፣ ከበለጠ ፈጣን ይባላል። ይህ ማለት መለኪያው የእኔው ደረት ነው። ደረጃ ወጥቼ እያለከለክሁ የሰው እጅ ብይዝ የማገኘው ቁጥር ዋጋ የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ቁጭ ብዬ ትንፋሼ እስኪረጋጋ እጠብቃለሁ፤ በትንፋሽ ከቆጠርኩ በኋላም በሰዓት አመሳክራለሁ። የጥንቶቹ ሐኪሞች ቢያንስ 50 ምት ሳይሰሙ እጅ መልቀቅን ይከለክላሉ። ምክሩ ለዛሬም ይሠራል፤ አልፎ አልፎ የሚዘለል ምት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ አይያዝምና።

የትርታ ዓይነቶች ብዛት ጀማሪን ያስፈራል። ሐኪሙ ዋንግ ሹሄ በ3ኛው ክፍለ ዘመን ባዘጋጀው ማይ ጂንግ በተባለ የትርታ መጽሐፍ 24 ዓይነት ዘረዘረ። ሌላው ሐኪም ሊ ሺጀን እ.ኤ.አ. በ1564 ወደ 27 አሳደገው፤ ከዚያ በኋላ አንድ ተጨምሮ ዛሬ የምንማረው 28 ነው። እኔ ግን 28ቱንም በአንድ ጊዜ በጣት መፈለግን አልመክርም። በተቃራኒ ጥንዶች መጀመር ይሻላል፦ ላይ ላዩን የሚገኝና በጥልቀት የሚገኝ፣ ዝግተኛና ፈጣን፣ ባዶና ሙሉ። እነዚህ በእርግጠኝነት ከተለዩ በኋላ ሽየን የሚባለው ይከተላል። እሱ እንደተወጠረ የክራር ጅማት ቀጥ ብሎ ጣት ሥር የሚቆም ነው፤ ደም ቅዳቸው በዕድሜ በጠነከረ አዛውንቶች ዘንድ በቀላሉ ይገኛል። ኋ የሚባለው ደግሞ ክብ፣ ለስላሳና የሚንከባለል ነው፤ መጻሕፍቱ በሳህን ላይ ከሚንከባለል ሉል ጋር ያመሳስሉታል። በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ይገኛል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይገኛል፤ ግን ጤናማ ወጣት ላይም፣ ምግብ የበላ ሰው ላይም ይገኛል። ስለዚህ ማንንም ሴት በትርታ ብቻ አርግዘሻል አልልም፤ የሽንት ምርመራ አለላት።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ከክፍል ጓደኛዬ ጋር የምንሠራው ልምምድ ነው። አንድ ሰው እጁን ይሰጠናል። በየተራ እንይዛለን፣ ሳንነጋገር በየወረቀታችን እንጽፋለን፣ ከዚያ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣለን። ፍጥነትና ጥልቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ እንስማማለን። ሽየንና ኋ ላይ አንዳንዴ። በቺ ስፍራ የኩላሊት ድካም አለ ወይስ የለም የሚለው ላይ ስንደርስ ግን መንገዳችን ይለያያል። ይህ የእኛ ጀማሪነት ብቻ አይደለም፤ የመርማሪዎችን ስምምነት የፈተሹ ጥናቶችም በተደጋጋሚ ዝቅተኛ ውጤት አሳይተዋል። በእያንዳንዱ እጅ ሦስቱ ስፍራዎች ያሉት አንድ ደም ቅዳ ላይ ነው፤ አምስት የአካል ክፍሎችን ለያይቶ የሚያስነብብ መንገድ በሰውነት አሠራር ትምህርት አላገኘሁም። ስለዚህ የስፍራዎቹን ካርታ እንደ ባህሉ ቋንቋ አጠናዋለሁ፣ ለፈተናም እጽፈዋለሁ፤ በሰው ላይ ፍርድ ለመስጠት ግን አልጠቀምበትም።

ምላስ ለተማሪ የበለጠ ይመቻል፤ ፎቶ ማንሳትና ማነጻጸር ይቻላልና። በ1341 እ.ኤ.አ. ዱ በን ያሰፋው የምላስ መጽሐፍ 36 ሥዕሎች ነበሩት፤ እንግዲህ በሥዕል መማሩ አዲስ ነገር አይደለም። ጫፉ የልብና የሳንባ፣ ጎኖቹ የጉበትና የሐሞት፣ መሃሉ የጣፊያና የጨጓራ፣ ሥሩ የኩላሊት ይባላል። ፈዘዝ ያለ ቀይ ሥጋና ስስ ነጭ ሽፋን ጤናማ ነው። ወፍራም ቢጫ ሽፋን ሙቀትን፣ ዝልግልግ ሽፋን እርጥበትን፣ በጠርዙ ላይ ያለ የጥርስ ምልክት የጣፊያ ድካምን ያመለክታል ይላል ትምህርቱ።

ፎቶዬን የማነሳው ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት፣ ሁልጊዜ በዚያው መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ነው። የአምፖል ብርሃን ነጩን ቢጫ ያስመስለዋል። ምላስ ቶሎ ወጥቶ ቶሎ መመለስ አለበት፤ ተወጥሮ ከቆየ ቀለሙ ይጠቁራል። አበሻ ጓደኞቼን ሳነሳ መጀመሪያ የምጠይቀው ቡና ጠጥታችኋል ወይ ነው፤ ቡናም እርድም ሽፋኑን ያቀልማሉና። ምላስ የሚፍቅ ሰው ደግሞ በዚያ ቀን ሳይፍቅ ይምጣ።

እዚህ ላይ የሁለቱ ሕክምናዎች መንገድ ደስ በሚል ሁኔታ ይገናኛል። ሽፋኑ ተልጦ እንደ መስታወት የሚያበራ ቀይ ምላስ በቻይናው ትምህርት የጨጓራ ዪን (የሚያቀዘቅዝና የሚያርስ ኃይል) መሟጠጥ ነው፤ በሆስፒታል ደግሞ የብረት፣ የፎሌት ወይም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ያስጠረጥራል። እንዲህ ያለ ምላስ ሳይ ደም አስመርምሩ እላለሁ። ተፍቆ የማይለቅ ነጭ ነጠብጣብ ወይም የማይድን ቁስል ካለም ወደ ሐኪም።

ትርታም ላይ እንዲሁ ነው። ጂየ፣ ጹ እና ዳይ የሚባሉት ሦስቱ ምታቸው የሚቋረጥ ወይም የሚዘል ትርታዎች ናቸው። አንዱን ሳገኝ በየትኛው ስም እንደምጠራው ከመጨነቄ በፊት ሰውዬው ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) እንዲነሳ እነግረዋለሁ፤ ሥርዓት የለሽ ምት ለስትሮክ የሚዳርግ የልብ ችግር ሊሆን ይችላል። ጣት ከመሣሪያ በፊት ሊደርስ ይችላልና ይህን መማሬ ብቻ ድካሙን ይክሰኛል።

አሁን የያዝኩት ሰ ማይን ነው፤ ሻካራ፣ የሚንቀራፈፍ፣ ቢላ ቀርከሃን ሲፍቅ የሚሰጠው ዓይነት ስሜት ያለው ትርታ ነው ይላሉ። ከደካማና ከቀጭን ትርታ መለየቱ እስካሁን አስቸግሮኛል። ከእናንተ የለየው ካለ የሰውዬውን ዕድሜ፣ የጭነቱን ጥልቀትና የምቱን ቁጥር ጨምራችሁ ጻፉልኝ፤ እኔና ጓደኛዬ በዚያው መንገድ እንሞክረዋለን።