ዛሬ ደሴ ሙዚየም ግቢ

ዛሬ ከሰዓት ልጄን ይዤ ደሴ ሙዚየም ሄጄ ነበር። ግቢው ውስጥ ትንሽ የባህል ፕሮግራም ነበር። ቤቱ ድሮ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ነው። ሰው የኖረበት ስለሆነ መሰለኝ፣ ቁጭ ስትሉ ሰው ቤት በእንግድነት የሄዳችሁ ነው የሚመስላችሁ።

ከቤታችሁ የቆየ ዕቃ ይዛችሁ ኑና ታሪኩን ንገሩን ተብሎ ነበር። አንዲት እናት ከነጠላቸው ሥር ጀበና አወጡ። እጀታዋ ተሰብሮ በሽቦ ተጠግናለች። ሆዷ ከጭስ ብዛት ጥቁር ብሏል። ልጄ ዝም አትልም፣ "እማማ፣ ለምን አዲስ አይገዙም?" አለቻቸው።

"አይ የኔ ልጅ፣ አዲሷ እናቴን መች ታውቃታለች?" አሏት። እንባዬ መጣ።

አንድ አባት ደግሞ ስለ አይጠየፍ አዳራሽ አወሩን። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ነው። ስሙ ማንም ሳይጠየፍ ሁሉም አብሮ የሚበላበት ማለት ነው። ከዚያ ድቤው ተመታ፣ መንዙማው ቀጠለ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ አጨበጨበ። ወሎ እኮ እንዲህ ነው!

በ2014ቱ ጦርነት ከዚህ ሙዚየም ብዙ ቅርስ ተዘርፏል። ያን ጊዜ ስሰማ ቤተሰብ የሞተብኝ ያህል ነበር ያዘንኩት። ዛሬ ያቺን የተጠገነች ጀበና እጅ ለእጅ ስንቀባበላት፣ ሁሉም ሰው እንደ ሕፃን ልጅ ነበር የሚይዛት።

ማታ ቤት ስንገባ ልጄ ቀጥታ ሄዳ የአያቷን ሙዳይ አወረደች። "ይሄስ የማን ነበር?" አለችኝ። ቡና አቀራርቤ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት።