ፕላስቲኩ ውስጥ የቀረ ሥር

ዛሬ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ካለ ተዳፋት ላይ ችግኝ ስንተክል ዋልን። ወይራ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ኮሶ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ፋታ አልሰጠንም።

አጠገቤ ይተክሉ የነበሩ አንድ አባት ከአምናዎቹ አንዷን ደረቅ ችግኝ ነቅለው አሳዩኝ። ከነፕላስቲኳ ነበር የተተከለችው። ሥሯ መሄጃ አጥቶ ዙሪያውን እንደ ክር ተጠቅልሏል። «አየህ ልጄ፣ መትከል ብቻ አይደለም» አሉኝ። አንጀቴን በላችው። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ፕላስቲኩን ቢቀድላት ኖሮ እኮ ዛሬ በሕይወት ነበረች።

አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ የተተከለውን ቁጥር እንሰማለን። እኔ ግን የጸደቀውን መስማት ነው የምፈልገው።

ምክንያቱም ጉዳዩ የኑሮ ነው። ዝናቡ ዘግይቶ ይገባል፤ ሲመጣ ደግሞ ዶፍ ነው። ጎርፉ ራቁቱን ከቀረ ተዳፋት አፈሩን ይዞ ወደ አባይ ይወርዳል። ዛፍ ካለ ሥሩ አፈሩን ይይዛል፣ ቅጠሉ ዶፉን ያበርዳል፣ ውሃው ሰርጎ በበጋ ምንጭ ይሆናል። ከጮቄ ተራራ የሚወርዱትን ወንዞች ያየ ይህን ያውቃል። ባሕር ዛፍ ለገበሬው ገንዘብ ነው፣ አልጠላውም። ውሃ ይመጣልና ምንጭ ራስ ላይ ሲተከል ግን ያመኛል።

እኚያ አባት አመሻሽ ላይ ከብት እንዳይነካቸው እሾህ ያጥሩ ነበር። የእኔ ዋንዛ ከትልቁ ድንጋይ ጎን ናት። ጥቅምት ላይ ሄጄ አያታለሁ።