የአያቴ ቡና መሬት የዕፅዋት ማዕከል የሆነበት መንገድ

ሥራውን የጀመርኩት በማጥፋት ነው። ከጅማ ከተማ ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ በኩል ያለውን የአያቴን ጓሮ ከወንድሞቼ ተረክቤ «የዕፅዋት ማዕከል አደርገዋለሁ» ባልኩ በሳምንቱ አራት የቀን ሠራተኞች ቀጠርኩና ከቡናው ሥር የበቀለውን ሁሉ አስመነጠርኩ። ሁለት ቀን ፈጀ። ማታ ላይ መሬቱ ተገልጦ፣ ዛፎቹ ለየብቻቸው ቆመው ሳይ ደስ አለኝ፤ ፎቶግራፍም አነሣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤታችን መጡ። በልጅነታቸው በአያቴ ቡና ለቀማ ያደጉ ሽማግሌ ናቸው፤ አባባ ነው የምላቸው። የተከመረውን ቁጥቋጦ በበትራቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉና አንድ ረጅም ቅጠል መዝዘው በመዳፋቸው አሹት።

«አሽትቺው ልጄ።»

ኮረሪማ ነበር።

«ሴቷ አያትሽ በእጃቸው የተከሉት ነው። ይኸኛው ደግሞ ጥምዝ ነው፤ በየዓመቱ ለበርበሬ ከዚሁ ነበር የምንለቅመው።» ከዚያ አልቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ዶማ ጠየቁኝ። ቀኑን ሙሉ ከክምሩ ውስጥ ሥር ያለውን እየለየን በሰሳው ጥላ ሥር መልሰን ቀበርነው። ከኮረሪማው አሥራ አንድ እግር ተረፈ። ጥምዙ አልተረፈም፤ አሁን ያለው ከእሳቸው ጓሮ የመጣ ነው።

በአንድ የጅማ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ይህን የምናገረው ለማፈር ያህል ነው፤ ኮረሪማን በመጽሐፍ አውቀዋለሁ፣ በገበያም ደረቅ ፍሬውን እገዛለሁ፣ ቅጠሉን ግን ከሣር አልለየሁትም።

አያቴ ቦታውን የገዙት በ1940ዎቹ፣ የቡና ዋጋ ጣራ በነካበት ዘመን ነው። ከአንድ ጋሻ ትንሽ ያንሳል ይባላል። ቆርቆሮ የለበሰ ባለ ሰፊ በረንዳ ቤት ሠሩበት፤ ከፊት ለፊቱ ቡና የሚሰጣበት አውድማ፣ ከኋላው ደግሞ የሴት አያቴ ጓሮ ነበር። እርሻውን የሚሠሩት ጭሰኞች ነበሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ጭሰኝነት ቀረ፤ ሰፊው ቡና ለገበሬ ማኅበሩ አባላት ተከፈለና ለቤተሰባችን ቤቱና ሁለት ሄክታር የሚሆነው ጓሮ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ማንም በቅጡ አልያዘውም። ዛሬ ጥሩ የምለው ነገር ሁሉ የበቀለው ባልተያዘባቸው በእነዚያ ዓመታት ነው።

የሌሎች አገር ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት ከምንጣሮው ቅሌት በኋላ ነው። ለንደን ያለው ኪው የሚባለው የዕፅዋት ማዕከል ቀድሞ የንጉሣውያን ቤተሰብ መኖሪያ ግቢ ነበር። ልዕልት ኦገስታ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1759 የዕፅዋት አትክልት አስጀመረችበት፤ በመንግሥት እጅ የገባው በ1840 ነው። ይበልጥ የሳበኝ ግን ኬፕታውን ያለው ኪርስተንቦሽ ነው። የእንግሊዝ ቅኝ ገዢው ባለሀብት ሴሲል ሮድስ ቦታውን በ1895 ገዛው፤ በ1902 ሲሞት ለሕዝብ ተወው፤ የዕፅዋት ማዕከል የሆነው በ1913 ነው። የመጀመሪያው ኃላፊ ሃሮልድ ፒርሰን ሲረከበው ግቢው በአረም የተዋጠና አሳማ የሚርመሰመስበት ነበር። ይህን ሳነብ ተጽናናሁ። እኔ ጃርትና ጦጣ ብቻ ነው ያሉብኝ፤ ጃርቱ እንሰቱን ከሥሩ ይበላል፣ ጦጣው ቀይ ቡናውን ከእኔ ቀድሞ ይለቅማል። (ለጃርቱ ቆርቆሮ በመሬት ውስጥ ቀብሮ ማጠር ይሠራል። ለጦጣው መድኃኒት አላገኘሁለትም።)

ከእነዚህ ታሪኮች የተረዳሁት ቁም ነገር ቢኖር ያማረ ግቢንና የዕፅዋት ማዕከልን የሚለየው መዝገብ መሆኑን ነው። እያንዳንዱ ተክል ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደተተከለ፣ ማን እንደሰጠው ካልተጻፈ ያለሽ አትክልት ነው፤ አትክልት ደግሞ ጅማ ውስጥ የሌለው ቤት የለም። ለዚህ ከጅማ የተሻለ ምሳሌም አይገኝም። የቡና ፍሬ የሚያደርቀው በሽታ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1971 አገራችን ገብቶ ማሳውን ሲፈጀው፣ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎችን ፍለጋ የደቡብ ምዕራብን ቡና አሰሱ። እዚሁ መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ከእነሱ መርጦ ያወጣው 74110 የሚባለው ዝርያ ስሙ የመዝገብ ቁጥሩ ነው፤ 74 የተመረጠበት የፈረንጆች ዓመት፣ 110 የእናት ዛፏ ተራ ቁጥር። ዛሬ ገበሬው «ሰባ አራት አንድ አሥር» እያለ እንደ ሰው ስም ይጠራዋል። አንድ ሰው ያን ቀን እርሳስና ወረቀት ይዞ ባይወጣ ኖሮ ያቺ ዛፍ ከጫካው አንዷ ሆና ትቀር ነበር።

እኔም ጥቁር ሽፋን ያለው የሂሳብ መዝገብ ገዛሁ። የመጀመሪያው መስመር ላይ የቆመው ኮረሪማው ነው፦ ቁጥር 1፣ «ከሴት አያቴ ጓሮ፤ በእኔ ስህተት ተነቅሎ በአባባ እጅ የተመለሰ»። የሞተ ተክል አይሰረዝም፤ ከጎኑ የሞተበት ቀንና ምክንያቱ ይጻፋል። በዚህ ረገድ መዝገቤ የመቃብር ስፍራ ይመስላል።

ሞቱን ልዘርዝረው። የይዞታውን ጉዳይ የሚያየው መሥሪያ ቤት ወረቀቱን የሰጠኝ መስከረም መጨረሻ ላይ ስለነበር፣ ችኩል ነኝና፣ ስልሳ ችግኝ ያኔውኑ ተከልኩ። ጅማ ዝናብ አያጣም ብዬ ነው። ዝናቡ ግን ጥቅምት ላይ ሳሳ፤ ከኅዳር እስከ የካቲት በባልዲ ውኃ ስንመላለስ ከርመን የተረፈው ሃያ ሦስት ነው። አሁን ከሰኔ ሁለተኛ ሳምንት በፊትም ሆነ ከሐምሌ በኋላ አልተክልም። ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ሄጄ ኮሶ አይቼ በጣም ወደድኩትና ከአዲስ አበባ አምስት ችግኝ በአውቶቡስ፣ በጉልበቴ ላይ ይዤ መጣሁ። ጉለሌ ከ2500 ሜትር በላይ ነው፤ ኮሶም የደጋ ዛፍ ነው፤ የእኔ ጓሮ ደግሞ ከ1700 ሜትር ብዙም አይበልጥም። አምስቱም ከዓመት አላለፉም። የጥቁር እንጨት ዘር በፖስታ አድርጌ መሳቢያ ውስጥ አምስት ወር አስቀመጥኩ፤ አንድም አልበቀለም፤ ትኩሱን መዝራት ነበረብኝ። ዝግባውን ዘርቼ ስምንት ወር ስጠብቅ አባባ አንዱን ፍሬ ከአፈር አውጥተው በድንጋይ ቀስ ብለው ሰነጠቁትና «በር ዘግተሽበት ውጣ ትይዋለሽ?» አሉኝ።

እንዶዱ ግን ብቻውን ታሪክ ነው። ጎብኚ ተማሪዎች መጥተው እንዲያዩት የምፈልገው ተክል ቢኖር እሱ ነው፤ ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 አድዋ ላይ እናቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይቶ፣ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ለመግደል እንደሚጠቅም ያረጋገጠበት ተክል ነው። ከአንድ አጥር ላይ አራት ቁራጭ ወስጄ ተከልኩ። አራቱም ያዙ፣ አጥሩን ወጡት፣ አበቡ። ፍሬ የለም። በሁለተኛው ዓመትም አበቡ፣ ፍሬ የለም። አፈሩን ጠረጠርኩ፣ ጥላውን ጠረጠርኩ፣ አመድ ጨመርኩ። በሦስተኛው ዓመት አበባውን በማጉያ መነጽር ሳየው ወንዴ ብቻ ነው። የእንዶድ ወንዱና ሴቱ በየራሱ ተክል ላይ ነው የሚሆነው፤ አራቱም ቁራጮች ደግሞ ከአንድ እግር የተቆረጡ ስለነበሩ አራት ሳይሆን አንድ ወንድ ነው የተከልኩት። ይህን ለዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ። ሴቷን ባለፈው ሰኔ አገኘኋት፤ ፍሬ ይዛ እያየኋት ነው የቆረጥኳት።

ስም መለጠፍም ቀላል መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ ቆርቆሮ ላይ በቀለም ጽፌ ዛፉ ላይ በምስማር መታሁ፤ ቀለሙ በሁለት ክረምት ለቀቀ፣ አንዱን ምስማር ደግሞ ዋንዛው ውጦት ጫፉ ብቻ ቀረ። አሁን የአሉሚኒየም ቁራጭ እንጨት ላይ አድርጌ በምስማር ጫፍ ፊደሉን ነጥብ በነጥብ እመታዋለሁ። «ዋ» አሥር ነጥብ ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ዛፉ ሲወፍር እንዳያንቀው በልል ሽቦ አንጠለጥለዋለሁ። ሦስት ስም አለው፤ በአማርኛ ዋንዛ፣ ከሥሩ በኦሮምኛ ወዴሳ፣ ከዚያ ሳይንሳዊ ስሙ ኮርዲያ አፍሪካና። የኦሮምኛውን ስሞች የሰጡኝ አባባ ናቸው፤ በነገራችን ላይ የኦሮምኛውን ስም የሚያነቡ ልጆች የአማርኛውን ከሚያነቡት ይልቅ ዛፉን ቀድመው ያውቁታል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን በሩ ላይ የሚቆመው የታሪክ ሰሌዳ ነበር። አክስቴ 1967ን «የወሰዱብን ዓመት» ነው የምትለው። አባባ ይህንኑ ዓመት «መሬት ያገኘንበት» ይሉታል። ሁለቱም እኔ ባለሁበት፣ አንድ በረንዳ ላይ፣ አንድ ጀበና ቡና እየጠጡ ብለውታል፤ አልተጣሉምም፣ ስኳር ተቀባበሉ። እኔ ግን ለሰሌዳው አንድ ዓረፍተ ነገር ለማግኘት ሦስት ወር ፈጀብኝ። በመጨረሻ የጻፍኩት ይህን ነው፦ «ይህ ቦታ እስከ 1967 ዓ.ም. የአንድ ቡና ነጋዴ ይዞታ ነበር። ቡናውን የተከሉት፣ ያረሙትና የለቀሙት ጭሰኞችና የቀን ሠራተኞች ናቸው። መሬቱ ለእነሱ ተከፍሏል። እዚህ የምታዩት የቀረው ጓሮ ነው።»

አክስቴ ለፋሲካ ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። ሁለት ጊዜ።

«የአባቴን ስም የት ጣልሽው?»

«የለቃሚዎቹን ሁሉ ስም ስላላገኘሁ ነው እትዬ። ሲሟላልኝ አብሬ እጽፈዋለሁ።»

ዝም አለች። መነጽሯን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «ጤና አዳሙ የት ነው ያለው? ቡናው ሳይቀዘቅዝ» አለች። አንድ ዘለላ ቀጥፋ፣ የመዝገብ ቁጥሩን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ፣ ወደ በረንዳው ወጣች።