ማጭድ የነካው ጣትና ዋርፋሪን

«ደም ማቅጠኛ» የሚለው ስም ያሳስታል። በዚህ ስም የሚጠራው ኪኒን፣ ዋርፋሪን፣ ደምን ውኃ አያደርገውም፤ ጉበት በቫይታሚን ኬ እየታገዘ የሚሠራቸውን ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖች ነው የሚቀንሰው። ቆቦ ላይ ማሽላ ሲያጭድ ጣቱን የተቆረጠ ሰው ዋርፋሪን ስለዋጠ ደሙ ከሌላው ሰው ይበልጥ አይፈጥንም፤ ለመቆም ግን ይዘገያል።

አስፒሪን ሌላ ነው። ቁስልን መጀመሪያ የሚደፍኑት ፕላትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ሕዋሶች ናቸው፤ አስፒሪን የነካው ፕላትሌት ዕድሜው እስኪያልቅ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ አያገግምም። ስለዚህ ደሙ ከመጀመሪያው አልቆም ይላል። ዋርፋሪን የሚያዘገየው ድፍኑን የሚያጠነክረውን የፋይብሪን ክር ስለሆነ፣ ቆመ የተባለ ደም ሰውየው ማጭዱን መልሶ ሲያነሳ ያመልጣል።

መላው መጫን ነው። አፈር ካለበት በንጹሕ ውኃ ቶሎ ያለቅልቁት። ንጹሕ ጨርቅ ወይም ጎዝ አጥፈው ቁስሉ ላይ ይጫኑ፣ እጁን ከልብ በላይ ከፍ ያድርጉ፣ ሰዓት አይተው 15 ደቂቃ ሙሉ አይልቀቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ቆመ ወይ እያለ በየደቂቃው ሲገልጥ ገና የተያያዘውን ይቀድደዋል። ጨርቁ ከራሰ ሌላ በላዩ ይደርቡ እንጂ የታችኛውን አያንሱ። የተፈጨ ቡና መነስነስ ይቅር፤ ቁስሉን ያቆሽሻል፣ መስፋት ካስፈለገም ባለሙያውን ያስቸግራል።

ሌላ 15 ደቂቃ ተጭነው ካልቆመ ወይም ቁስሉ አፉን ከከፈተ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። እየተረጨ የሚፈስ ከሆነ ግን ደቂቃ አይቁጠሩ፤ እየተጫኑ ይሂዱ። ራሱን የተመታ ሰው ደም ባይታይም ወዲያው ሆስፒታል ይድረስ፤ ውስጥ ውስጡን ሊደማ ይችላል።

ምላጭ የጫረው ለብዙ ሰዓት ከደማ፣ ወይም ድድና አፍንጫ አብሮ ከደማ፣ አይኤንአር ከፍ ብሎ ይሆናል፤ ይህ ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳይ የደም ምርመራ ቁጥር ነው። ለአብዛኛው ታካሚ ከ2 እስከ 3 ይፈለጋል፤ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ላለው አንዳንዴ ከ2.5 እስከ 3.5። ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞል የሚባሉት የኢንፌክሽን መድኃኒቶች ያንሩታል። የሕመም ማስታገሻዎቹ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም መድማትን ያብሳሉ፤ ፋርማሲ ሲገቡ ዋርፋሪን እንደሚወስዱ አስቀድመው ይንገሩ።

ጣት ደማ ብሎ ኪኒኑን በራስ ማቆም ግን አደገኛ ነው፤ ለምሳሌ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላይ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ጎመንም ይታሰብበት። በሁዳዴ በየቀኑ ጎመን የበላ ሰው ቫይታሚን ኬው በዝቶ አይኤንአሩ ይወርዳል፤ ያኔ የዋርፋሪኑ መጠን ተጨምሮለት ከነበረ፣ ፋሲካ ውሎ ጎመኑ ሲቀር ሽቅብ ይወጣል። ጎመን አይከለከልም፤ ከሳምንት ሳምንት መጠኑ ይቀራረብ፣ ጾም ሲገባና ሲፈታም ምርመራው ይደገም።